እውነት ወይስ ተረት? ጤነኛ አዛውንትና የሳንባ ምች

በሐረርጌዋ ገለምሶ አንድ አዛውንት ሲታመሙ ጠያቂው ወንበር ሳይዝ ምርመራው ያልቃል፤ «ዕድሜ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» ይባላል። ሳሉም የዕድሜ፣ ድካሙም የዕድሜ፣ እህል አልቀምስ ማለታቸውም የዕድሜ ይሆናል። ሕመሙ የሳንባ ምች መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል። ወጣት ከሆነ «ይነሳል» ይባላል፤ ሽማግሌ ከሆኑ «አላህ ያቅልላቸው» ተብሎ ነገሩ ለዱዓ ይተዋል።

እዚህ የምናነሳው ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ዕድሜያቸው ከ65 አልፏል፤ ነገር ግን ስኳር የለባቸውም፣ ልባቸውም ኩላሊታቸውም ደህና ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ቡናቸውን ሲኮተኩቱ፣ ገበያ ወርደው በእግራቸው ሲመለሱ የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ጤነኛ አዛውንት የሳንባ ምች ቢይዛቸው ዕጣቸው ከወጣቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል? በሰፈር የሚነገረውን አንድ በአንድ እንየው።

ተረት 1፦ «ሽማግሌ የሳንባ ምች ከያዘው አይተርፍም»

እውነት፦ አብዛኞቹ ጤነኛ አዛውንቶች ይተርፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ሐኪሞች የሳንባ ምች የያዘው ሰው ምን ያህል እንደሚያሰጋው በነጥብ የሚለካ መመዘኛ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል። አሠራሩ ቀላል ነው። ወንድ ከሆነ ዕድሜው እንዳለ ነጥብ ይሆናል፤ ሴት ከሆነች ከዕድሜዋ 10 ይቀነሳል። በዚያ ላይ ለቆየ ሕመም፣ ለአተነፋፈስ፣ ለደም ግፊት፣ ለአእምሮ መዘባረቅና ለላቦራቶሪ ውጤት እየተደመረ ይሄዳል። ድምሩ ሰውየውን ከአምስት ምድቦች በአንዱ ይጥለዋል።

ጤነኛ የሆኑና ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለባቸው የ70 ዓመት አባት ነጥባቸው 70 ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። የ80 ዓመት ጤነኛ እናትም ከ80 ላይ 10 ሲቀነስላቸው እዚያው ናቸው። መመዘኛው ሲፈተሽ በዚህ ምድብ ከነበሩ 1000 ሕሙማን የሞቱት 6 ገደማ ነበሩ። 994ቱ ተርፈዋል ማለት ነው።

ሽማግሌንና የሳንባ ምችን ከሞት ጋር ማያያዝ የሰፈር ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። የዘመናዊ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው የሕክምና መጽሐፍ የሳንባ ምችን የሽማግሌዎች ጠላት አድርጎ ሥሎት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጣው እትም ደግሞ ያለ ብዙ ስቃይ የሚያሳርፍ ወዳጃቸው ነው ወደማለት ዞረ። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1919 በ70 ዓመቱ የሞተው በሳንባ ሕመም ነው። ኦስለር ግን የኖረው ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት ነበር። እሱ እጁን አጣምሮ ይመለከት የነበረውን በሽታ ዛሬ የገለምሶ ጤና ጣቢያ በኪኒን ያክመዋል። ፍርዱ ግን ከዘመኑ ጋር አልተለወጠም።

ተረት 2፦ «ሰው ጤነኛ ከሆነ ዕድሜ ምንም አይደለም»

እውነት፦ ይህም ወደ ሌላኛው ጠርዝ መሄድ ነው። ዕድሜ ብቻውን ይቆጠራል።

በዚያው መመዘኛ ከ50 ዓመት ያልበለጠና ሌላ ችግር የሌለበት ሰው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው፤ ከ1000 ሕሙማን የሞተው 1 ገደማ ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ምድብ ያለው የጤነኛ አዛውንት አደጋ ከጤነኛው ወጣት ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ አዛውንቱ ከወጣቱ የበለጠ ያሰጋቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ የመትረፍ ዕድላቸው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያልፋል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ከዕድሜ ጋር ሰውነት ተህዋሲያንን የሚዋጋበት ፍጥነት ይቀንሳል። የሳል ኃይል ይደክማል፤ የደረት ጡንቻም ይሳሳል። ስለዚህ ወደ ሳንባ የወረደ አክታ እንደ ድሮው ተጠርጎ አይወጣም። ኩላሊትም ልብም በደህናው ቀን ሥራቸውን ቢሠሩም፣ ጎተራው ሲከፈት ለክፉ ቀን የተቀመጠው እህል ከወጣቱ ያነሰ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ አዛውንቶች የልደት ወረቀት የላቸውም። ካርድ ክፍል «ዕድሜ?» ሲባል ልጅ በግምት «60 ጻፈው» ይላል፤ ሌላው «80 ነው» ይላል። ዕድሜያቸውን ለማወቅ የተሻለው መንገድ በዘመን ማስላት ነው፤ የሶማሌ ጦር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሐረርጌ ሲገባ እርስዎ ምን ያህል ነበሩ? ያኔ ለዘመቻ የደረሰ ጎረምሳ ዛሬ ከ65 አልፏል። ካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር በግምት የተጻፈ ከሆነ ሐኪሙ የበለጠ የሚጠቀምበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ምን ይሠሩ ነበር? ራሳቸውን ችለው ይታጠቡ፣ ይለብሱ፣ ይወጡ ይገቡ ነበር? መልሱ አቅማቸውን በግምት ከተጻፈ ዕድሜ ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ተረት 3፦ «ወጣትን የሳንባ ምች አይጥለውም»

እውነት፦ የአገራችን ታሪክ ራሱ ይህን ያፈርሰዋል።

በየዓመቱ ህዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል የሚታወሰው የ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ነው። ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማዋ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በሌሎች አገሮች የተያዙ መዝገቦች እንደሚያሳዩት ወረርሽኙ ለወትሮው የማይሆነውን አደረገ፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጉልበታሞች ለቅሞ ገደለ። በኋላ የተጠበቁ የሳንባ ናሙናዎችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች አብዛኞቹ ሟቾች የሞቱት ከኢንፍሉዌንዛው ቀጥሎ በገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች መሆኑን ደምድመዋል። የሐረርጌው ተወላጅ ራስ ተፈሪም በዚያ በሽታ ወድቀው ነበር፤ ዕድሜያቸው 26 ነበር። እሳቸው ተርፈዋል፤ ብዙ እኩዮቻቸው ግን አልተረፉም።

ወጣት ቶሎ የማይሸነፈው ሰውነቱ ረጅም ጊዜ ስለሚታገል ነው። ችግሩ ትግሉ ሕመሙን መሸፈኑ ነው። ትንፋሹ እየፈጠነ፣ ኦክስጅኑ እየወረደ፣ ቆሞ ይሄዳል፣ ስልክ ያወራል፤ «ደህና ነኝ» ይላል። በመጨረሻ ሲወድቅ ግን በአንድ ጊዜ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ኤችአይቪ ኖሮበት መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ስኳሩ ያልታወቀለት ወጣት ደግሞ በዕድሜው ብቻ «ጤነኛ» ሊባል አይችልም።

በነጥብ እናስላው። የ35 ዓመት ወጣት በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ እየተነፈሰ ከሆነ 20 ነጥብ፣ መዘባረቅ ከጀመረ ሌላ 20 ነጥብ ይጨመርበታል። ድምሩ 75 ይሆናል። በሰዓቱ የመጡት ጤነኛ የ70 ዓመት አባት 70 ነበራቸው። ሽማግሌው በሁለተኛው ምድብ፣ ወጣቱ በሦስተኛው ማለት ነው።

ተረት 4፦ «ትኩሳትና ሳል ከሌለ የሳንባ ምች አይደለም»

እውነት፦ ይህ ለአዛውንት በጣም አደገኛ ተረት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የ72 ዓመት ሐጂ እናስብ። ጠዋት ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ከዙህር በኋላ እንደ ልማዳቸው ጫቱ ቀረበላቸው፤ ሁለት ቅጠል ቀንጥሰው አስቀመጡት። ገለምሶ ውስጥ በዚህ ሰዓት ጫቱን የሚገፋ ሰው ደህና አለመሆኑን ቤተሰቡ ያውቃል፤ ግን «ጠልተውት ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። አስርን ሰግደው ከተቀመጡ በኋላ «አስር ተባለ?» ብለው ጠየቁ። ምራታቸው «አባባ፣ አሁን ሰገዱ እኮ» አለቻቸው፤ ሳቁ። ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱ ደፉ ላይ ተደናቀፉ። ግንባራቸው አይፋጅም፤ አንዴ ሁለቴ ከማሳል በቀር ሳልም የላቸውም። ቤተሰቡ «ደክሟቸዋል፣ ይተኙ» አለ። ምራታቸው ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ ደረታቸውን ስታየው ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። የስልኳን ሰዓት ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፤ 32።

የሐጂው ምልክቶች በሐኪሞች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ትኩሳት ማውጣት ያዳግተዋል፤ ሳልም ላይኖር ይችላል። በምትኩ የምግብ መጥላት፣ የመዘባረቅ፣ የመውደቅ፣ የልማድን መተው ምልክት ይመጣል። አዛውንቶች ሲጠየቁም የሚናገሩት ሕመም ከወጣት ያነሰ ነው። አንዳንዶቹ ስለማይሰማቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ነው።

አሁን የሐጂውን ነጥብ እንቁጠር። ትናንት ቢመጡ 72 ነበሩ። ዛሬ ትንፋሻቸው 20፣ መዘባረቁ 20 ጨምሮባቸው 112 ደርሰዋል። ይህ አራተኛው ምድብ ነው፤ ከ1000 ሰው የሞቱት ከ82 እስከ 93 ነበሩ። ዕድሜያቸው በአንድ ሌሊት አልጨመረም፤ የጨመረው የባከነው ሰዓት ያስከተለው አደጋ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህንን ይያዝ።

በቤት ውስጥ ማንም ሊያያቸው የሚችላቸው ምልክቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ሲአርቢ-65» የተባለው መመዘኛ ላቦራቶሪ አይፈልግም። የሚያየው አራት ነገር ነው፤ መዘባረቅ፣ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደም ግፊት መውረድ (ላይኛው ከ90 በታች ወይም ታችኛው 60 እና ከዚያ በታች)፣ እንዲሁም ዕድሜ 65 እና ከዚያ በላይ መሆን። ከአራቱ ሦስቱን የግፊት መለኪያ የሌለው ቤተሰብም ያያል። ትንፋሽ ሲቆጠር አዛውንቱ እንዳያውቁት ቢሆን ይሻላል፤ ሲያውቁ አተነፋፈሳቸውን ይቀይራሉ። መዘባረቁንም «ዛሬ ምን ቀን ነው? ጁምዓ መቼ ነው? ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ መፈተን ይቻላል። ትናንት የሚያውቁትን ዛሬ ካላወቁት ዕድሜ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ዕድሜ በአንድ ቀን አያስረሳም።

ተረት 5፦ «ብርድ ነው የመታቸው፤ መስኮቱን ዝጉት»

እውነት፦ የሳንባ ምችን የሚያመጡት ተህዋሲያን ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድም መንገዱን ይጠርጉለታል። ነፋስ ብቻውን ሳንባን አያቆስልም።

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚመጣ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ መስኮት በጣት ስፋት ሲከፈት ከኋላ «ኧረ ብርድ መታን፣ ዝጋው!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ መስኮቱም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከፊት ወንበር የሚያስለው ሰው ትንፋሽ መላውን መኪና ያዳርሳል። የጫት ቤቱም ከዚህ አይለይም፤ በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ አሥር ሰው በአንድ ክፍል ሲቅም፣ ሦስቱ ሲጋራ ሲያጨሱ፣ ጭሱን የማያጨሱትም አዛውንት ይስቡታል። የሲጋራ ጭስ በአየር መንገዱ ውስጥ ቆሻሻ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ስለሚያደክም ተህዋሲያን ወደ ሳንባ በቀላሉ ይወርዳሉ። የማገዶ ጭስ ያለበት ማድ ቤትም እንዲሁ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድጃ ሥር የኖሩ እናቶች አንድ ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ሊኖራቸው ይችላል።

ስለዚህ አዛውንቱን ከብርድ መጠበቅ ጥሩ ነው፤ በጋቢ ይሸፈኑ። መስኮቱ ግን ይከፈት።

ተረት 6፦ «ዳማከሴ ጠጥተው፣ ሐበሱዳ ቅመው ያልፋል፤ ካልሆነ መርፌ ይወጉ»

እውነት፦ ዳማከሴም፣ ሐበሱዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት ሻይም ጉሮሮ ያርሱ ይሆናል፤ ሳንባ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ግን አይገድሉም። ጉዳታቸው ከራሳቸው ይልቅ ከሚወስዱት ጊዜ ላይ ነው። ሁለት ቀን በዳማከሴ፣ አንድ ቀን ከፋርማሲ በተገዛ ሁለት ፍሬ ኪኒን ያለፈባቸው አዛውንት ሆስፒታል ሲደርሱ በተረት 4 ያየነው ስሌት ላይ ናቸው።

መርፌን በተመለከተም እንዲሁ አጉል እምነት አለ። ብዙ ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ሕመሙ ቀላል ከሆነና ሰውየው መዋጥ ከቻለ አሞክሲሲሊን ኪኒን ሥራውን ይሠራል። ሴፍትሪያክሶን የመሰለው መርፌ የሚያስፈልገው ሕመሙ ሲከብድ፣ ሰውየው ሲተኛ ወይም መዋጥ ሲያቅተው ነው። ኦክስጅን ግን ኪኒንም መርፌም የማይተካው ነገር ነው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ ከ90 በመቶ በታች ካሳየች ሕመምተኛው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እቤት ተኝቶ የሚያገኘው አይደለም። ገለምሶ በምትገኝበት በሀብሮ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ያለ ቤተሰብ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን መንገድ ሲያሰላ የዝናቡንና የመኪናውን ነገርም አብሮ ማሰብ አለበት። ወጣቱ እስኪነጋ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ አዛውንቱ ግን ዛሬ ይሂዱ።

የታዘዘውን መድኃኒት ደግሞ «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም አይገባም። የሳንባ ምች ፀረ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከአምስት ቀን አያንስም፤ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ተርፎ የተቀመጠ ኪኒን ለሌላ ሰው መስጠት በሽታውን አይፈውስም፤ ባክቴሪያውን ግን መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

ተረት 7፦ «አትነካኳቸው፤ ተኝተው ይረፉ»

እውነት፦ ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ከአልጋ አለመነሣት ግን ይጎዳል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ ሰዎችን በሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ሆስፒታል በገባበት የመጀመሪያ ቀን ከአልጋ ወርዶ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንዲቀመጥ፣ በቀጣዮቹም ቀናት እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ይህ ቡድን ከሌላው በአማካይ ወደ አንድ ቀን ቀድሞ ከሆስፒታል ወጣ። መድኃኒት አልተጨመረለትም፤ ወንበር ነው የተጨመረለት።

ለአዛውንት ይህ የበለጠ ይሠራል። ወጣት ለሳምንት ቢተኛ ያጣውን ጡንቻ ቶሎ ይመልሳል። የ75 ዓመት አባት ለሳምንት ከተኙ ግን በሽታው ከለቀቃቸው በኋላ መነሣት የሚያቅታቸው እግራቸው ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ቢኖርም ትራስ ደግፎ ማስቀመጥ፣ መቀመጥ ከቻሉ ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ መቆም ከቻሉ ሁለት ሰው ይዞ በግቢው ማንሸራሸር ይገባል። ምግብን በተመለከተ ጥሩው ነገር ገንፎ፣ አጥሚትና እንቁላል ነው። ሲበሉም ቀና ብለው ይሁን፤ ተጋድመው ሲጎርሱ እህሉ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ስለሚቀንስ እስኪድኑ ቢቀር ይሻላል። ይህን የሚነግሯቸው ልጆቻቸው ከሆኑ የሚሰማ ጆሮ ላይኖር ይችላል፤ ነርሷ ብትነግራቸው ያለ ክርክር ይቀበላሉ።

ተረት 8፦ «ከሆስፒታል ከወጡ ድነዋል»

እውነት፦ ባክቴሪያው ሞቷል ማለት ሳንባው ተጠግኗል ማለት አይደለም።

የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ ለሕሙማን የሚሰጠው የጊዜ ሰሌዳ መንገድ ጠቋሚ ነው። በአንድ ሳምንት ትኩሳቱ ይጠፋል። በአራተኛው ሳምንት የደረት ሕመሙና አክታው በጣም ይቀንሳል። በስድስተኛው ሳምንት ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ በጣም ይቀንሳል። በሦስተኛው ወር ከድካም በቀር አብዛኛው ምልክት ይጠፋል። በስድስተኛው ወር አብዛኛው ሰው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ መንገድ ለወጣትም ለአዛውንትም ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ግን እያንዳንዱ ደረጃ ይረዝማል፤ በራጅ የሚታየው ጥላም ዘግይቶ ይጠፋል። ሁለት ወር ሞልቶ «አሁንም ይደክመኛል» የሚሉ አባት ሰነፍ አይደሉም፤ በመንገዱ ላይ ናቸው።

ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ አዛውንቶች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የሚያጋጥማቸው ሳይታመሙ ከቀሩ እኩዮቻቸው ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሆነ አሳየ። አደጋው ቀስ እያለ ቢቀንስም ለዓመታት አይጠፋም። ስለዚህ በዚያ ወር ውስጥ የሚመጣ የደረት መጨነቅ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል «ያ ሳንባ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ደም ግፊታቸውንም በዚያ ጊዜ ማስለካት ብልህነት ነው።

ሳሉ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መደረግ አለበት። ነቀርሳ በአዛውንት ላይ የሳንባ ምች መስሎ መቅረብ ይወዳል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው።

ተረት 9፦ «ክትባት የሕፃናት ነው፤ ለሽማግሌ የሚሆን መከላከያ የለም»

እውነት፦ የሳንባ ምች ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ለአዛውንት በመደበኛነት የሚሰጥ የዚህ ክትባት ፕሮግራም የለንም። ነገር ግን የልጅ ልጅን ማስከተብ አያትንም ይጠብቃል። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። አሜሪካ ሕፃናትን መከተብ ከጀመረች በኋላ ያልተከተቡ አዛውንቶች ላይ የሚደርሰው የኒሞኮከስ በሽታም የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ትውልድ በሚያድርበት በእኛ ቤት ይህ የበለጠ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መከላከያ አፍ ውስጥ ነው። ጃፓን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አዛውንቶች ከምግብ በኋላ አፋቸው በደንብ ሲጸዳ ለሁለት ዓመት ተከታተላቸው። አፋቸው ከተጸዳላቸው መካከል የሳንባ ምች የያዛቸው 11 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጸዳላቸው መካከል 19 በመቶ ናቸው። ሌሊት በእንቅልፍ የሚወርደው ምራቅ ንጹህ ከሆነ ሳንባ የሚደርሰውም ተህዋሲ ያንሳል። ለእኛ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ መፋቂያውም ሲዋኩም በየገበያው አለ። ጥርስ የሌላቸውም ድዳቸውንና ምላሳቸውን በንጹህ ጨርቅ ቢያብሱ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የታወቀው ነው፤ ሲጋራ ማቆም፣ ወደ ማድ ቤቱ አየር ማስገባት፣ እጅ መታጠብ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ጥየቃውን ለሌላ ቀን ማድረግ። የመጨረሻው ትንሽ ይከብዳል፤ ታማሚን አለመጠየቅ ነውር ነው። በስልክ ጠይቆ ሲሻል መሄድ ግን ነውር አይሆንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንድ አዛውንት ምግብ ከጠሉ፣ ልማዳቸውን ከተዉ፣ ከተዘባረቁ ወይም ከወደቁ መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይቆጠር። በደቂቃ 30 ከደረሰ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ሰው መለየት ካቃታቸው ጊዜ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ከ30 በታች ሆኖ ከወትሮው ከፈጠነም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታዩ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ በሕመም ሰዓት ካርድ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሐኪም ፊት ሲደርሱ ደግሞ ወሬው «ሽማግሌ ናቸው» ከሚል አይጀምር፤ ሐኪሙ ያንን ያየዋል። «ባለፈው ሳምንት ቡና ሲኮተኩቱ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ እህል አልቀመሱም፤ ዛሬ ቀኑን አያውቁትም፤ ትንፋሻቸውን ቆጥረን 32 ሆነ» ይባል። ይህን የሰማ ሐኪም የሚያየው ጤነኛ የነበሩ፣ በድንገት የታመሙ፣ ቶሎ ከታከሙ ወደ ማሳቸው ሊመለሱ የሚችሉ ሰው ነው። «ዕድሜ ነው» ብሎ የጀመረ ቤተሰብ ግን ሐኪሙንም ራሱንም ያዘናጋል።